መብራቱን ዝቅ አድርግልኝ

በእኛ አገር ምሽት ቸኩሎ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ከወጨጫ ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ዓይን ገና ቀን ነው ሲል ድንግዝግዙ አልፎ ጨለማው ጥቅጥቅ ይላል። ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች በበጋ ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ሰማዩ ለረጅም ጊዜ እንደፈካ ይቆያል፤ ነጂውም ከጨለማው ጋር ቀስ ብሎ ይላመዳል። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከሞጆ በቀን ብርሃን የተነሳ ሰው ዱከም ሳይደርስ ይመሽበታል።

ያቺን አጭር ጊዜ መንገድ ዳር ቆሞ ላስተዋለ ሰው መኪኖች መብራታቸውን የሚያበሩት እኩል አይደለም። ቀድመው የሚያበሩት ብዙውን ጊዜ የረጅም መስመር ሹፌሮች ናቸው፤ ተሳቢ የሚጎትቱት፣ ነዳጅ የሚያመላልሱት። መጨረሻ የሚቀሩት ከተማ ውስጥ የሚውሉት ትንንሽ መኪኖችና ባጃጆች ናቸው። «አሁን እኮ ይታየኛል» ይላል ሹፌሩ ቢጠየቅ። እውነቱን ነው፤ ለእሱ ይታየዋል። እሱ ግን ለሌላው አይታይም። አመድማ መኪና በአመድማ አስፋልት ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ ከሩቅ ከመንገዱ በቀላሉ አይለይም። ባትሪ ይጨርሳል ብለው የሚሰጉም አሉ። ሞተር እየሠራ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ስለሆነ ይህ ስጋት መሠረት የለውም። መብራት በዚያች ሃያ ደቂቃ የሚበራው ለመታየት ነው፤ ለማየት የሚያስፈልገው ቆይቶ ነው።

ቀን ቀን መንገድ ላይ ሰው ከሰው ጋር ነው የሚገናኘው። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሽማግሌ መሆኑ ይታያል፤ ከኋላው የተቀመጡት ሕፃናትም ይታያሉ። እጅ እናነሳለን፣ «እለፍ» እንላለን፣ አንዳንዴም እንቆጣለን። ሲመሽ ይህ ሁሉ ይጠፋና ከፊታችን የሚመጣው ጥንድ መብራት ብቻ ይሆናል። በጎረቤቱ ደጅ «እንደምን አመሻችሁ» ሳይል የማያልፍ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ጫማውን በቀስታ የሚያስቀምጥ ሰው፣ መሪ ጨብጦ ሌሊት ከወጣ በኋላ የማያውቃቸውን አባት ዓይን ላይ ረጅም መብራቱን ተክሎ ያልፋል። ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ከዚያ መብራት ጀርባ ሰው እንዳለ ስለማይታየው ነው።

ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን ብድግ ብለን «ኖር» እንላለን፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡናል። ረጅሙን መብራት ወደ አጭር መመለስ ለእኔ የሌሊት መንገድ «ኖር» ነው። አንዱ ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፣ ይተላለፋሉ። ማን ማን እንደነበሩ አይተዋወቁም፤ ሁለቱም ግን ወደየቤታቸው ይደርሳሉ።

ይህን ጉዳይ የጨዋነት ብቻ አድርጌ እንዳላየው የሚያደርገኝ የዓይን አሠራር ነው። በጨለማ የዓይናችን ብሌን ይሰፋል፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የሬቲና ሕዋሳትም ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ጨለማ ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየን በኋላ ነው። በዚህ በሰፋ ብሌን ላይ ኃይለኛ መብራት በድንገት ሲያርፍ ያን ሁሉ ዝግጅት ያፈርሰዋል። መኪናው ካለፈ በኋላ ዓይን ለመመለስ ብዙ ሰከንዶች ይፈልጋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ለአራት ሰከንድ በደንብ ያላየ ሹፌር ከ85 ሜትር በላይ በግምት ተጉዟል ማለት ነው። ዕድሜ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የስድሳ ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው፤ የዓይኑ ሌንስም መብራቱን ስለሚበትነው ከፊቱ የሚነጣው ሰፊ ነው። አባቶቻችን «ሌሊት አልነዳም» ሲሉ ፈርተው አይደለም። ዓይናቸው የሚነግራቸውን ሰምተው ነው።

እልህም አለ። «እሱ ካላወረደ እኔም አላወርድም» ብሎ ረጅሙን መልሶ የሚተክል ሹፌር ብዙ ነው። ሁለቱም 80 እየነዱ ከሆነ በየሰከንዱ 44 ሜትር እየተቀራረቡ ነው፤ ከመካከላቸው የሚያይ ሰው ግን የለም። ከፊት የመጣው አላወርድም ካለ የሚሻለው ፍጥነት መቀነስና ዓይንን ከመብራቱ አንስቶ በቀኝ በኩል ወዳለው የመንገድ ጠርዝ፣ ነጭ መስመር ካለ ወደ መስመሩ መመለስ ነው። መስመሩን ይዞ የሚሄድ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ቢታወርም መንገዱን አይስትም።

አንዳንዱ ደግሞ ሳያውቅ ነው የሚያሳውረው። አጭር መብራት እኩል የተቆረጠ አይደለም። በመጪው መኪና በኩል ዝቅ ይላል፣ በራሱ የመንገድ ዳር በኩል ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ እግረኛውንና ምልክቱን ያሳያል። እንደ ጃፓን ካሉ በግራ ከሚነዳባቸው አገሮች የሚመጡ መኪኖች መብራት ከፍ የሚለው በግራ ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ ወደ እኛ ከገቡት ትንንሽ መኪኖች መካከል መሪው ዞሮ መብራቱ ያልተቀየረለት ካለ፣ አጭሩን አብርቶም ቢሆን ብርሃኑን የሚልከው ቀጥታ ከፊት ወደሚመጣው ሹፌር ዓይን ነው። የገዛው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ ሌሊት ሌሊት ሰው ሁሉ መብራት እያብለጨለጨ ለምን እንደሚቆጣበት ሲገርመው ይኖራል። አምፖል ብቻ ቀይረው ኤል ኢ ዲ የሚያስገቡም እንዲሁ ናቸው። ለድሮው ሃሎጅን አምፖል ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ሌላ ዓይነት አምፖል ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፤ ለነጂው ፊቱ ነጭ ሆኖ ደስ ይለዋል፣ ርቀቱን ግን ብዙ አይጨምርለትም። ጭነትም አለ። ኋላዋ በማዳበሪያና በሰው የታጨቀ ፒክአፕ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ መብራቷም አብሮ ቀና ብሎ የዛፍ ጫፍ ያበራል። ከጋራዥ ስትወጣ የተስተካከለች መኪና ከገበያ ስትመለስ አጭሯ እንደ ረጅም ይሆናል። ብዙ መኪኖች ይህን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ መዘውር ከመሪው አጠገብ አላቸው፤ ባለቤቱ ለምን እንደተሠራ ሳያውቅ ያረጃል።

አንድ ዓይናም አለች። የግራ መብራቷ የጠፋባት መኪና ከሩቅ ስትታይ ሞተር ብስክሌት ትመስላለች፤ ሊተላለፍ የመጣው ሹፌርም ለሞተር የሚበቃ ቦታ ትቶ ይጠጋል። በጨለማው በኩል ያለው ግን የመኪናው ሙሉ አካል ነው። የሃያ ደቂቃ ሥራና የአንድ አምፖል ዋጋ ነው የሚያድነው።

የፊት መስታወት ከውስጥ በኩል ይቆሽሻል። ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚተንነው፣ የሰው ትንፋሽና አቧራው ተደባልቆ ስስ ቅባት ይሠራል። ቀን ቀን አይታይም። ሌሊት ከፊት መብራት ሲመጣ ግን መስታወቱ በሙሉ ይፈካና መንገዱ ከኋላው ይሰወራል። ሰው ይህን የዓይኑ ድካም አድርጎ ይወስደዋል። በየመንገዱ የሚሸጡት ቢጫ «የሌሊት መነጽሮች» መድኃኒት አይሆኑም፤ ብርሃንን ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም፣ በጨለማ የሚያጥረን ደግሞ ብርሃን ነው። በንጹሕ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና መስታወቱን ከውስጥ መጥረግ ይበልጣል። የዳሽቦርዱንም መብራት ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል። የዛሬ መኪኖች እንደ ቴሌቪዥን የሚያበራ ስክሪን ይዘው ይመጣሉ፤ ሹፌሩ ከስክሪኑ ወደ መንገዱ ቀና ባለ ቁጥር ዓይኑ እንደገና ከጨለማ ጋር መላመድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ርቀቱ ልምጣ፤ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። አጭር መብራት በደንብ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ነው፤ ጥቁር የለበሰ እግረኛ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ርቀት ነው የሚታየው። ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል። በ80 ፍጥነት ይህ ብቻ 33 ሜትር ይበላል። ከዚያ መኪናው በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ጭነት ያለው፣ ጎማው የላሸ ወይም መንገዱ የረጠበ ከሆነ ከዚህም ይርቃል። ስለዚህ በአጭር መብራት 80 የሚነዳ ሹፌር፣ ፍሬኑ እንከን ባይኖርበትም፣ ያየውን ነገር ሳይገጭ መቆም አይችልም። በ60 ሲሆን ይህ ሁሉ ወደ 45 ሜትር ይወርዳል፤ መብራቱ ከሚያሳየው ጋር ይገጥማል። ፖሊስም ምልክትም ባይኖር፣ መንገዱ ባዶ ቢሆንም፣ የመብራቱ ጫፍ የፍጥነት ወሰን ነው።

የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ይህን ሒሳብ ያቃልለዋል፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ተለያይተዋል፣ ግራና ቀኙ ታጥሯል፣ ከብትም እግረኛም እንዳይገባ ተደርጓል። ከዚያ ወጥቶ ወደ አርሲ ወይም ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ተራ መንገድ ላይ የሚገባ ሹፌር ግን የፈጣኑን መንገድ ስሜት ይዞ ነው የሚገባው። እግሩ 110ን ለምዷል። መንገዱ ጠቧል፣ አጥሩ የለም፣ ሰዉና አህያው አለ፤ እግሩ ይህን ለመስማት ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ነጠላ ልናገር። ሌሊት ገጠር ውስጥ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ሰውየው ሳይታይ ነጠላው ይታያል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ በትር፣ በመጨረሻ ፊት። ለማኅሌት በሌሊት የሚነሱ ካህናት ነጭ ጥምጥም፣ ጋቢ የተከናነቡ እናቶች፣ ለሱብሒ ሶላት የሚወጡ አባቶች ነጭ ጀለቢያ፣ እነዚህ ሁሉ በልብሳቸው ይድናሉ። ያንኑ መንገድ በጥቁር ጃኬትና በጂንስ የሚሄደው ወጣት አይታይም። ከለቅሶ የሚመለሱትን ተመልከቱ፦ ቀብሩ ሩቅ ከሆነ፣ ዝክሩም ከቆየ፣ ሰዎቹ ጥቁር ለብሰው፣ ተደጋግፈው፣ ሐዘን ላይ ሆነው በመንገዱ ዳር በሰልፍ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ሰልፍ ሲገጥመኝ እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ነው የምነዳው።

የሚበዛው እግረኛ ደግሞ በቀኙ፣ ለመኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። በግራ ሆኖ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ቢሄድ ሹፌሩ ባያየው እንኳ እሱ አይቶ ዘወር ይላል። ይህን ትምህርት ቤት ተምረን ነበር፤ ከተማ ስንገባ ረሳነው። ልጆቹን ለምሽት ትምህርት የሚልክ ወላጅ በቦርሳቸው ላይ አንጸባራቂ ጨርቅ ቢሰፋላቸው ሹፌሩ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ያያቸዋል። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ሰደርያ ላይ ያለችው ብርማ ጥብጣብ ያቺው ናት፤ በሜትር ትገዛለች።

እንስሳትም በየራሳቸው መንገድ ነው የሚታዩት። የአህያ፣ የላም፣ የበግና የጅብ ዓይን ከሬቲናው ኋላ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው መብራት ሲያርፍበት ያበራል። ከሩቅ ጥንድ ጥንድ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጥብ ሲታይ መንጋ አለ ማለት ነው፤ ይህ ግን ወደ እኛ ሲያዩ ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ጭነት የያዘ አህያ ምንም አያበራም፤ የገለባው ጭነት የመንገዱን ወርድ ይዞ እንደ ጨለማ ግድግዳ ይቆማል። የአፋር መንገድ ላይ ደግሞ ግመል አለ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ አጭር መብራት የሚያሳየው ቅልጥሙን ብቻ ነው፤ ቀለሙም የአሸዋው ቀለም ነው። ሲገጭ ሰውነቱ የሚያርፈው በፊት መስታወቱ ላይ ነው።

በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሰመራ አድርጎ ጋላፊ የሚወጣውን የጅቡቲ መስመር ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት አንድ ሹፌር ስለዚህ ሲያጫውተኝ፣ «ቀን ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል፤ ሌሊት እንሄዳለን። ሌሊት ግን ከግመሉ ይልቅ የምፈራው እንቅልፍን ነው፤ ግመሉ አንዳንዴ ይታያል» አለኝ። ከዚህ በላይ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ልጨምርበት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ የሰው ልጅ ሰውነት ራሱ ይተኛል፤ ቀን የተኛ ሰው እንኳ በዚያን ሰዓት ያንጎላጃል። አሥራ ሰባት ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሹፌር የሚነዳው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል መሆኑ በጥናት ተደርሶበታል። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ማስጮህ፣ ፊት መታጠብ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፦ ደህና ቦታ መቆም፣ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ ወዲያው ሃያ ደቂቃ መተኛት። ቡናው ሥራውን ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ እንቅልፉ ሲያልቅ እሱ ይደርሳል።

የድሮዎቹ የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ይህን የእንቅልፍ ሕግ ያከብሩ ነበር። ገና ሳይነጋ ከአውቶቡስ ተራ ይነሳሉ፤ ሲመሽ ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ያድራሉ። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ትንሿ ሆቴል አልጋ ይይዛል፣ ሹሮውን በልቶ ይተኛል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ረዳቱ በር እያንኳኳ ይቀሰቅሰዋል። ጉዞው ይረዝማል፤ ብዙዎች ይማረሩበት ነበር። እኔ ግን ያን ማደር ከጉዞው ሁሉ የተሻለ ጥበብ አድርጌ ነው የማየው። ዛሬ ከዕቃ ባለቤቱ «ነገ ጠዋት መድረስ አለበት» የሚል ስልክ የሚደወልለት የአይሱዙ ሹፌር እንዲያድር የሚያዝዘው የለም። ስልኩን የሚደውለው ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው።

ሹፌሮች በሌሊት የሚነጋገሩበት ፍሬቻም አለ። ከፊት ያለው ከባድ መኪና ቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ «መንገዱ ባዶ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው፤ ግራ ሲያበራ «የሚመጣ አለ፣ ቆይ»። ዳገት ላይ ከተሳቢ ኋላ ተጣብቆ ለሚያዘግም ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ የሚያልፈውም በጥሩምባ አመስግኖ ነው የሚያልፈው። ነገር ግን ያው ግራ ፍሬቻ «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው» ማለትም ነው፣ ቀኙም «ዳር ልይዝ ነው» ማለት ነው። ቀን ሲሆን መንገዱን አይቶ መለየት ይቻላል። ሌሊት ግን የሌላውን ሰው ዓይን ተውሶ መቅደም ነው፤ እሱ ያላየውንም አብሮ መውረስ ነው። በሌሊት በፍሬቻ ብቻ መቅደም አይገባም ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ሌላ ነገር ሆናለች። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ጎዳናዎች በሌሊት ያበራሉ፤ ዛፉ፣ ሕንፃው፣ የእግረኛው መንገድ ሁሉ መብራት ለብሷል። ያምራል፤ እግረኛም በነዚህ ጎዳናዎች ላይ ከበፊቱ የተሻለ ይታያል። ችግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። ከዚያ ከሚያበራ ጎዳና ወደ ሰፈር መንገድ የሚገባ መኪና ከቀን ወደ ሌሊት በአንድ መታጠፊያ ይገባል፤ ዓይኑ ግን ገና ጎዳናው ላይ ነው ያለው። በዚያች የመጀመሪያዋ መቶ ሜትር ውስጥ የሰፈሩ ልጆች አሉ፣ የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፣ በር ላይ የቆሙ ሴቶች አሉ። በዚያ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖች በዝተዋል። በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል፤ በጨለማ ሰፈር ውስጥ በጆሮው የሚጠነቀቅ ሽማግሌ ከኋላው መምጣታቸውን አያውቅም። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ከጎዳና ወደ ሰፈር ሲታጠፍ በሰው እርምጃ ቢገባ ደግ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር እየነዱ ሌሊቱን የሚያነጉ ወገኖቻችንም የራሳቸው ግመል አላቸው፤ አጋዘን ነው። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ በመሸና በነጋ ቁጥር፣ ከጫካው ዘሎ መንገድ ይገባል። አንዱ ካለፈ ሌላው ይከተላል፤ ስለዚህ አንዱን አይቶ «አለፈ» ብሎ መንዳት አያዋጣም። መሪ ጠምዝዞ ከመሸሽ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ ይሻላል፤ መሪውን የጠመዘዘ ሰው ዛፍ ወይም ሌላ መኪና ያገኛል። መብራትና ሰፊ መንገድ ባለበት በዚያ አገር እንኳ በመኪና ከሚሞቱት እግረኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚሞቱት በጨለማ ነው። ጨለማ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም።

ጉምን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጣሊያኖች በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ክረምት ላይ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ የዋሻውን አፍ ይዘጋል። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ረጅም መብራት ማብራት ነው፤ ረጅሙ ግን ጉሙ ላይ አርፎ ነጭ ግንብ ሆኖ ይመለሳል። አጭሩ ከታች ሾልኮ አስፋልቱን ያሳያል። ቀስ ብሎ፣ ጠርዙን ይዞ፣ መስኮት ከፍቶ የሚመጣውን እየሰሙ መውረድ ነው። መቆም ያለበት ሰው ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይቁም፤ በጉም ውስጥ አስፋልት ላይ የቆመ መኪና የሚያድነው ነገር የለም።

ስለ መቆም ካነሳሁ የድንጋዩን ነገር ልናገር። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ሄዶ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ በመንገዱ ላይ ይደረድራል። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ የሌለው ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አሳቢነቱን አከብራለሁ። ቅጠሉ ቀን ከሩቅ ይታያል። ሌሊት ግን ቅጠልም ድንጋይም አያበራም፤ ሃያ እርምጃም 80 ለሚነዳ ሰው ምንም አይደለም። ተሳቢው የኋላ መብራት ከሌለው ደግሞ ከድንጋዩ አልፎ የሚያገኘው ያልታየ ብረት ነው። ሦስት ማዕዘኑን መቶ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ማስቀመጥ፣ የአደጋ መብራቱን ማብራት፣ ሰዉን ከመኪናው አውርዶ ከመንገዱ ማራቅ፤ ይህ ነው የሚያድነው።

የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። መኪናው ይሠራና ሰዉ ደስ ብሎት ይሳፈራል፣ ረዳቱ «ሂድ!» ብሎ በሩን ይመታል፣ ድንጋዮቹ ግን እዚያው ይቀራሉ። ታኮውም ይቀራል። ማንም በክፋት አይተዋቸውም፤ የደከመ ሰው ነው፣ መሽቶበታል፣ መንገድ ይጠብቀዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን በዚያው መንገድ ሞተር ብስክሌት የያዘ የጤና ባለሙያ ያልፍ ይሆናል፣ ሠርግ የጫነ ሚኒባስ ያልፍ ይሆናል። የጭንቅላት ያህል ድንጋይ አስፋልት ላይ ሌሊት የሚታየው ጎማ ሲነካው ነው።

እናንተ በመንገድ ላይ ያላችሁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ መኪናችሁን ሠርታችሁ ከመነሳታችሁ በፊት እባካችሁ ድንጋዩን አንሱ። ሌላ ሰው የተወውን ካያችሁም ዳር ይዛችሁ ቁሙና አንሱት።